ሞተሩን እናሳድስ ወይስ እንቀይር?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እናቶቼና እህቶቼ፣ ሰብሳቢያችን የመኪናውን ጉዳይ በሂሳብ ዓይን አስረጂ ስላለችኝ ነው የቆምኩት። መካኒክ አይደለሁም፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። መካኒኩ የሚነግረንን ሰምተን ገንዘባችንን እንዴት እንደምንወስን ግን አብረን ማየት እንችላለን።

ላንድ ክሩዘራችን በገበያ ቀን ማራችንን፣ ቅቤያችንንና በርበሬያችንን ይጭናል። ምጥ የያዛትን እህት በሌሊት ጤና ጣቢያ ያደርሳል። አሁን ግን ዳገት ላይ አቅም ያጣል፣ ጠዋት በግድ ይነሳል፣ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ዘይት ይጠጣል። ገሚሶቻችሁ «ይታደስ»፣ ገሚሶቻችሁ «ያገለገለ ሞተር ይገዛ» ትላላችሁ። «ይሸጥና እንገላገል» ያላችሁም አላችሁ። ሦስቱም ሐሳብ ሊመዘን ይገባዋል።

መጀመሪያ በሽታውን እንወቅ። መካኒኮች «ዋን ኤችዜድ» የሚሉት ይህ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። ቱርቦ የለውም፤ ብዙ መካኒክ ያውቀዋል፤ መለዋወጫውም ይገኛል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። አቅም ማጣት ደግሞ ከኖዝል፣ ከናፍጣ ፖምፓ ወይም ከተደፈነ ፊልትሮ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት የስድስቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ተለክቶ ቁጥሩ በወረቀት ይሰጠን። ኮምፕሬሽኑ ደህና ከሆነ ችግሩ በትንሽ ገንዘብ ሊያልቅ ይችላል። ሳይለካ «ሞተሩ አልቋል» የሚል ሰው ቢመጣ ሌላ ጋራዥ እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ያደከመውን ነገር እንወቅ። የእኛ መንገድ አቧራ ነው። የአየር ማጣሪያው በደንብ ካልገጠመ አቧራው ገብቶ ሲሊንደሩንና ፋሻውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ራዲያተሩ ከተደፈነ ሞተሩ ይግላል፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ ብሮንዚናው ይጎዳል። ምክንያቱ ሳይስተካከል ሞተር ብናድስም ብንቀይርም አዲሱ በዚያው በሽታ ይሞታል። ስለዚህ የራዲያተሩና የአየር ማጣሪያው ሥራ በሁለቱም ምርጫ ውስጥ ይግባ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የምጠራቸው ቁጥሮች ለስሌት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው፤ ትክክለኛው ዋጋ ከጋራዦች በጽሑፍ ሲመጣ እንተካቸዋለን። ማሳደሱ 400,000 ብር ይፈጅና ሞተሩ 4 ዓመት ያገልግል እንበል። ያገለገለው ሞተር 300,000 ብር ይሁንና 2 ዓመት ይሥራ። ስናድስ መኪናው 6 ሳምንት ይቆማል፤ ስንቀይር 1 ሳምንት። በቆመበት ጊዜ በሳምንት 2 ቀን፣ በቀን 4,000 ብር መኪና እንከራያለን። እንግዲህ ለማሳደሱ 48,000፣ ለመቀየሩ 8,000 ብር እንጨምራለን። 448,000 ብር ለ48 ወር ሲካፈል በወር 9,333 ብር ይመጣል። 308,000 ብር ለ24 ወር ሲካፈል ደግሞ በወር 12,833 ብር ነው። በዋጋው ርካሽ የነበረው በወር ሲታይ ተወደደ ማለት ነው። ያገለገለው ሞተር ከማሳደሱ ጋር እኩል እንዲሆን 33 ወር መሥራት አለበት።

ግን ማሳደስም ድብቅ ወጪ አለው። ሞተሩ ተከፍቶ ቶርኖ ቤት ሲለካ ያልታሰበ ነገር ሊወጣ ይችላል። ለዚህ 80,000 ብር ብንይዝ የወሩ ወጪ 11,000 ብር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ያገለገለው ሞተር 28 ወር ከሠራ እኩል ነው። ያገለገለ ሞተር ስንገዛ ደግሞ ታሪኩን አናውቅም። ሻጩ ሲነሳ ያሳየን፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ይነሳ፤ ኮምፕሬሽኑ ይለካ፤ ዋስትናው ይጻፍ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ ሕጋዊ ሰነድ የሌለውን ሞተር በነፃ ቢሰጡንም አንወስድም።

«ይሸጥ» ለምትሉ እህቶቼ፦ ሸጠን በምን እንተካዋለን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ብር ወርዷል። ሸጦ መግዛት ቀላል አይሆንም። ነገር ግን ሻንሲው በዝገት ከተበላ ጥሩ ሞተር በበሰበሰ ቤት ማስቀመጥ ይሆንብናል፤ ያን ጊዜ መሸጡ ይሻላል። አምና ለጎማና ለፍሪሲዮን ያወጣነው ገንዘብ ግን በዚህ ክርክር አይግባ። እሱ ወጥቷል፤ የምንወስነው ስለሚወጣው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። የብድር ሳጥናችን ውስጥ ያለው ገንዘብ የመኪና ገንዘብ አይደለም። ልጇ የታመመባት፣ ዘር የጎደላት እህት መጥታ «ሞተር ገዛንበት» ብንላት ማኅበር የሚለው ስማችን ምን ይሆናል? ስለዚህ ወጪው ከመኪናው ገቢና ከልዩ መዋጮ ብቻ ይሁን። ካልበቃ ደግሞ መኪናው ጥቂት ወር ይቁምና እንቆጥብ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ኮምፕሬሽኑ ይለካ፤ ሻንሲው ይታይ። ሻንሲው ደህና ከሆነና ሞተሩ ተከፍቶ ብሎኩ ካልተሰነጠቀ ይታደስ። ብሎኩ ከተሰነጠቀ ሰነድና ዋስትና ያለው ሞተር ይገዛ። ከሦስት ጋራዥ ዋጋ በጽሑፍ ይምጣ፤ የእጅ ዋጋ፣ የመለዋወጫና የቶርኖ ለየብቻ ይጻፍ። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ በሙሉ ይመለስልን። ከአባላት ሁለት እህቶች፣ አንዷ ከገንዘብ ያዥ ጋር፣ ሥራውን ይከታተሉ።

ዛሬ የምንወስነው ሞተሩን ሳይሆን ሁለት ነገር ነው፦ ምርመራው እንዲደረግና የብድር ሳጥኑ እንዳይነካ። በእነዚህ ሁለቱ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ፤ የማትስማሙም ሳታፍሩ ተናገሩ።