ወረራና መክፈቻ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቼዝ ውድድራችን እኔ የቢቸናው ልጅ በሞጣው ጓደኛዬ እንዴት እንደ ተሸነፍሁ አይታችሁ ሥቃችኋል። የቆምሁት ሽንፈቴን ለማስተባበል ሳይሆን ምክንያቱን ለመናገር ነው።

ነጭ ነበርሁ። የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋሁ፤ ጳጳሱን ወደ ሲ4 አወጣሁ፤ በ3ኛው እርምጃ ንግሥቲቱን ወደ ኤች5 ላክሁ። ሐሳቤ በ4ኛው እርምጃ ኤፍ7 ላይ ማት ብዬ ወደ እራት መሄድ ነበር። ጓደኛዬ ግን ወታደር ገፍቶ ንግሥቴን አባረራት። ወደ ኤፍ3 ብትሸሽ በፈረስ መንገዷን ዘጋባት። ወደ ቢ3 ብትዞር ሌላው ፈረሱ ዲ4 ላይ ቆሞ አፈጠጠባት። የእርሱ ሁለት ፈረሶች ሜዳ ሲወርዱ የእኔዎቹ ገና በረት ውስጥ ነበሩ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

በአባቶቻችን ሰንጠረዥ ይህ ስሕተት ባልተሠራም ነበር። በዚያ ጨዋታ ንግሥት የለችም፤ በንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። መክፈቻውም ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ የየራሳቸውን ሠራዊት በአንድ ጊዜ ያሰልፋሉ፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ስለዚህ ዐይን ከራስ እጅ ይልቅ የባላጋራን እጅ ይከተላል። ስሙ ወረራ ይሁን እንጂ ሥራው መሰናዶ ነው። እኔ ግን ሰፈሩ ሁሉ ተኝቶ ሳለ አንዲት ንግሥት ብቻዋን አዘመትሁ።

ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በ19ኛው መቶ ዓመት፥ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ጨዋታው ሕግ ጽፈዋል። የገዛ ጨዋታችንን ሕግ ከባዕድ መጽሐፍ መማራችን ያሳፍራል።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ለዕረፍት ወደ ቢቸና፥ ወደ ሞጣ፥ ወደየአገራችሁ ስትሄዱ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ሰንጠረዥ ያየ፥ ስለ ወረራው የሰማ ቢገኝ ቃሉን ጽፋችሁ አምጡ። ባይገኝም መጠየቃችሁ አይጎዳም። እኔም ከሞጣው ጓደኛዬ ጋር በቀይ ጨርቅ ላይ መሥመር አሥምረን እንጠብቃችኋለን። በዚያ ጊዜ ፈረሶቼን አስቀድሜ አወጣለሁ።