ከተረት በኋላ፤ ከልብ ወለድ በፊት
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ከዘጠኝ ዓመት እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት ለሆናቸው ልጆች ስለሚገባው መጽሐፍ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊደሉን ለይቷል፤ ንባቡንም አቅንቷል። ለትንንሾች የተሠራውን የሥዕል መጽሐፍ ሲሰጡት የሕፃን ነው ብሎ ያስቀምጠዋል፤ የዐዋቂዎቹን ልብ ወለድ ሲሰጡት ደግሞ ሦስት ገጽ ሳያነብ ይደክመዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ መካከለኛው እርከን በተነቀለ መሰላል ላይ እንደ ቆመ ሰው ነው። ታችኛውን ረግጦ ወጥቷል፤ ላይኛው ግን ከእግሩ ይርቅበታል። እዚያው ብዙ ከቆመ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ተመልሶ ይወርዳል።

ማንበብ መቻልና ማንበብ መውደድ አንድ አይደሉም። መቻሉን መምህሩ ያስተምረዋል፤ መውደዱን ግን የሚያስተምረው ራሱ መጽሐፉ ነው። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፤ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶ የሚያህሉት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ አስተካክለው ለማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ጥረት በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ለትምህርት ቤቶች ታድለዋል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ መማሪያ መጽሐፍ ደወል ሲደወል ይከፈታል፤ ደወል ሲደወል ይዘጋል። ልጁ እራቱን ረስቶ፤ ቀጥሎ ምን ይሆን እያለ የሚገልጠው መጽሐፍ ሌላ ነው። ያን ዓይነቱን መጽሐፍ ሳያገኝ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ፤ አድጎ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ያነብ ይሆናል፤ ጋዜጣም ይገልጥ ይሆናል፤ ወዶ የሚያነብ ሰው መሆን ግን ይቸግረዋል።

ይህን ነገር በዱከም ላይ አድርገን እንመልከተው። ዱከም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቢሾፍቱ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንደ ሰበታ፣ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ ሁሉ በዋናው ከተማ ዙሪያ ካሉት አንዷ ስትሆን፤ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ማለዳ ተነሥተው ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ሲመሽም ይመለሳሉ። እዚያ የሚያድገው ልጅ በትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞን በቁቤ ይማራል፤ አማርኛን በፊደል ያነባል፤ እንግሊዝኛንም ይጨምራል። ሦስት ቋንቋና ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ገና በልጅነቱ መያዙ ታላቅ ሀብት ነው፤ ሦስት በር ተከፍቶለታል ማለት ነው። ነገር ግን በየበሩ ሲገባ የሚያገኘው መደርደሪያ ባዶ ከሆነ፤ የበሩ ብዛት ምን ይጠቅመዋል?

ለመጽሐፍ የሚሆን ታሪክ አጥተን አይደለም። ከዚሁ ከአጠገባችን ከሱሉልታ የተነሣ አንድ ተረት ልጥቀስ። አርሃ የሚባል አሽከር ከባለጠጋ ጌታው ጋር ይወራረዳል። ሌሊቱን ሙሉ በሱሉልታ ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ቆሞ ካደረ፤ መሬትና ቤት ከብትም ሊሰጠው ጌታው ቃል ይገባለታል። አንድ ብልህ ሽማግሌ ደግሞ ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነድለታል፤ አርሃም ያን የሩቅ እሳት እያየ ሙቀቱንም እያሰበ ብርዱን ችሎ ያድራል። ጌታው ግን እሳት አይተሃልና ውሉ ፈርሷል ብሎ ይከለክለዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። ኋላ ኃይሉ የሚባል ሰው ግብዣ ጠርቶ እንግዶቹን የወጥ ሽታ ብቻ እያሸተቱ እንዲቀመጡ ያደርጋል። እሳትን ከሩቅ ማየት የሚያሞቅ ከሆነ፤ ሽታም ማጥገብ አለበት ሲል ያስረዳቸዋል፤ ፍርዱም ይቃናል።

ይህን ተረት ሃሮልድ ኩርላንደርና የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ቮልፍ ሌስላው፤ ከሌሎች የአገራችን ተረቶች ጋር ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ አሳተሙት፤ የመጽሐፉንም ስም ከዚሁ ተረት ወሰዱለት። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በልጅነታቸው በማጂ ያደጉት አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ በሥዕል መጽሐፍ መልክ በራሳቸው አነጋገር እንደ ገና አወጡት። ስለዚህ በዚያ ተራራ ላይ የተነፈሰውን ብርድ የአሜሪካ ልጅ ከመጽሐፍ ያውቀዋል። የሱሉልታ ልጅ ግን ብርዱን በገላው ያውቀዋል እንጂ፤ ታሪኩን በሚያነበው ቋንቋ በመጽሐፍ አግኝቶ ለመግለጥ ዕድሉ ጠባብ ነው። ሽታው ለእርሱ፤ ማዕዱ ለሌላ ሆነ ማለት ነው።

ከተረት ረዘም ብለው ለዚሁ ለመካከለኛው ዕድሜ የተጻፉ፤ ነገራቸውም የእኛው የሆኑ መጻሕፍት አሉ። ጄን ከርትዝ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት መጽሐፍ ሳባ ስለምትባል ልጃገረድ ይናገራል። ሳባ በዘመነ መሳፍንት ከወንድሟ ጋር ተነጥቃ ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት የምትወሰድ ልጅ ናት። በዚያው ዓመት ብሪታንያዊቷ ኤልሳቤጥ ሌርድ በአዲስ አበባ ጎዳና ስለሚያድሩ ልጆች የጻፉት መጽሐፍ ወጣ። ከዋናዎቹ ባለታሪኮች አንዱ ማሞ የሚባል፤ ተታልሎ ወደ ገጠር ለጉልበት ሥራ የተሸጠ ድኻ አደግ ነው፤ ሁለተኛው ዳኒ የሚባል፤ የአባቱን ቁጣ ፈርቶ ከሞላ ቤት የሸሸ የባለጠጋ ልጅ ነው። ሁለቱ በጎዳና ይገናኛሉ። እኒሁ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ለልጆች በሚስማማ አጻጻፍ አቅርበዋል። ልዑሉ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲወሰድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ እናቱንም በመንገድ በሞት አጣ፤ እርሱም በእንግሊዝ አገር ገና በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ። ይህን ያነበበ የዐሥር ዓመት ልጅ የመቅደላን ጦርነት በዓመተ ምሕረቱ ብቻ አይዘውም፤ በአንድ እኩያው ልብ በኩል ይዘዋል።

እንግሊዝኛው ለጠነከረ ልጅ እነዚህን ሦስቱን በሙሉ ልብ እመክራለሁ። እንግሊዝኛው ገና ለሆነም መንገድ አለ፤ ይኸውም አባት ወይም እናት ቀን ያነበቡትን አንድ ምዕራፍ ማታ በራሳቸው ቋንቋ መተረክ ነው። ቀድሞስ አያቶቻችን ያደረጉት ይኸንኑ አይደለምን?

በራሳችን ቋንቋም መነሻ የሚሆን ሀብት አለን። ሀዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው ዐሥር ዓመት አስቀድመው፤ በ1948 ዓ.ም. ተረት ተረት የመሠረት የተባለውን መጽሐፍ አውጥተዋል። የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ ስንት ትውልድ በትምህርት ቤት ያነበበው ነው፤ ዛሬም ለዐሥር ዓመት ልጅ ጮክ ብሎ ለማንበብ ይስማማል። አባባ ተስፋዬ እየተባሉ የሚጠሩት ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአርባ ሁለት ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ ኖረው፤ ከተረቶቻቸውም በመጽሐፍ ያሳተሙትን ትተውልን በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስም፤ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ ስላጡ የቂሉን የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ራሳቸው አሳተሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ ሰፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቆሙ።

ነገር ግን ልብ እንበል፤ ከእነዚህ የሚበዙት አጫጭር ተረቶችና ምሳሌዎች ናቸው። ተረት በአንድ ምሽት ያልቃል። መካከለኛው ዕድሜ የሚሻው ግን ከምሽት ወደ ምሽት የሚሻገር፤ መቶ ገጽ ያህል ያለው፤ በምዕራፍ የተከፋፈለ ታሪክ ነው። በእኛ ዘንድ ተነቅሏል ያልሁት እርከን ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ወላጅ ወደ መጽሐፍ መሸጫ ገብቶ ሲመርጥ ምን ምን ይመልከት ለሚለው ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ። አንደኛ፤ ባለታሪኩ የአንባቢው እኩያ ይሁን፤ ችግሩንም ትልቅ ሰው መጥቶ የሚፈታለት ሳይሆን ራሱ አስቦ የሚወጣው ይሁን። ሁለተኛ፤ ምዕራፉ አጭር ይሁን፤ በማለቂያውም ልጁን ወደሚቀጥለው የሚስበው ነገር ይኑር። ሦስተኛ፤ እውነቱን አይሸሽ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ረኀብና ሞት፤ ግፍና መለየት በዓለም እንዳሉ ያውቃል፤ ከመጽሐፉ የሚፈልገው እነዚህን ያለፈ ልጅ እንዴት እንዳለፋቸው ማየት ነው። አራተኛ፤ ቋንቋው ንጹሕ ይሁን፤ ለልጅ ነው ተብሎ የተድበሰበሰና የተበላሸ አይሁን። አምስተኛ፤ ስብከት አይብዛበት። በየምዕራፉ መጨረሻ ምክር የሚለጥፍ መጽሐፍ፤ ሥጋውን ሰጥቶ ወዲያው አጥንቱን ቍጠር እንደሚል ጋባዥ ነው። ምክሩ በባለታሪኩ ሥራ ውስጥ ካለ ልጁ ራሱ ያገኘዋል፤ ራሱ ያገኘውንም አይረሳውም።

መጽሐፍ ውድ ነው የሚል ቅሬታ እንዳለ ዐውቃለሁ፤ እውነትም ነው። በወር ደመወዝ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ለልጆቹ በየሳምንቱ መጽሐፍ ይግዛ ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ዕቁብን የፈጠረ ሕዝብ በዚህ ሊቸገር አይገባውም። በአንድ ሰፈር ያሉ ዐሥር ቤተ ሰቦች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ ቢገዙ፤ መጻሕፍቱንም በየአሥራ አምስት ቀኑ ከቤት ወደ ቤት ቢያዘዋውሩ፤ እያንዳንዱ ልጅ በአምስት ወር ውስጥ ዐሥር መጽሐፍ ያነባል፤ እያንዳንዱ አባወራ ግን የከፈለው የአንዱን ዋጋ ብቻ ነው። ልጆቹም አንድ መጽሐፍ ስላነበቡ እርስ በርሳቸው ይከራከሩበታል፤ ክርክሩም የንባቡን ያህል ይጠቅማቸዋል። ከዐሥሩ ውስጥ ጥቂቶቹ በአፋን ኦሮሞ ቢሆኑ ደግሞ ከላይ ያልሁት የበር ብዛት እውነተኛ ሀብት ይሆናል።

በየትምህርት ቤቱ ያለውንም የንባብ ክፍል እንጠይቅ። ክፍሉ ኖሮ፤ መጻሕፍቱም ኖረው፤ መጽሐፍ እንዳይጠፋ በሚል ሥጋት በሩ ተቈልፎ የሚውልበት ጊዜ አለ። በንባብ ብዛት የተቀደደ መጽሐፍ ሥራውን ፈጽሟል፤ አቧራ የለበሰው ግን ሳይሠራ አርጅቷል። ስለዚህ በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ልጃችን ውጤት ከጠየቅን በኋላ፤ ልጄ በዚህ ወር ከንባብ ክፍሉ ምን ተዋሰ ብለን እንጨምር። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለልጆች የተለየ ክፍል አለው፤ ከዱከምም ሆነ ከሰበታ በዕረፍት ቀን ልጅን ይዞ መምጣት የሚቻል ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ጥቂት ደንብ ይበቃል። ማታ ግማሽ ሰዓት የሁላችንም የእጅ ስልክ ይቀመጥ፤ የአባትና የእናትም ጭምር። አንድ ምዕራፍ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ታሪኩ በጣፈጠበት ቦታ ላይ ይቁም። ልጁ ነገ ራሱ ቀድሞ ገልጦ ቢያገኙት አይቈጡት፤ የተፈለገው ይኸው ነበርና። ካነበበም በኋላ እንደ መርማሪ ጥያቄ አይደርድሩበት፤ የትኛውን ሰው ወደድኸው ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

በመጨረሻም ለእናንተ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች አንድ ቃል አለኝ። ኬኔት ግራሃም የሚባሉ ብሪታንያዊ የእንግሊዝ ባንክ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ለትንሽ ልጃቸው ማታ ማታ ይነግሩት የነበረውን፤ ሲለያዩም በደብዳቤ ይልኩለት የነበረውን የወንዝ ዳር አራዊት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1908 በመጽሐፍ አሳተሙት፤ እስከ ዛሬም ይነበባል። የእኛዎቹ ሀዲስ ዓለማየሁና ከበደ ሚካኤልም ሕይወታቸውን በመንግሥት ሥራ ያሳለፉ ሰዎች ነበሩ፤ ቀን የመንግሥትን ጽሑፍ እየጻፉ በትርፍ ጊዜያቸው ለትውልድ የሚቀረውን ጻፉ። ብዕር ከእጃችሁ የማይለይ እናንተ፤ ያደጋችሁበትን መንደር፤ የተሻገራችሁትን ወንዝ፤ የጠበቃችሁትን ከብት፤ ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ የሰማችሁትን ወሬ ለልጃችሁ በየማታው ብትነግሩና በማግሥቱ በወረቀት ብታሰፍሩት፤ ከመካከላችሁ አንዱ ያን የተነቀለውን እርከን መልሶ ይተክለው ይሆናል። የሌላ አገር ሰው የሱሉልታን ተረት ሰብስቦ ለልጆቹ መጽሐፍ ካደረገው፤ የዱከምን ታሪክ ለዱከም ልጅ መጻፍ የማን ድርሻ ነው?