ከ140 ኪሎ እርሾ የተነበቡ 77 ፊደሎች

(የሳይንስ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ያደረጉት ንግግር)



የምንናገረው ስለ አሜሪካዊው ኬሚስት ስለ ፕሮፌሰር ሮበርት ሆሊ ሥራ ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።

ሆሊ በ1922 በኢሊኖይ፣ በኡርባና ከተማ፣ ከመምህራን ቤተሰብ ተወለዱ። በጦርነቱ ጊዜ ፔኒሲሊንን በኬሚስትሪ ጥበብ ለመሥራት ከሚደክሙት ጋር ሠሩ፤ በ1947 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ስማቸውን ያስጠራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የሕያው አካል አሠራር ትእዛዝ ዲ ኤን ኤ በሚባል ረጅም ሰንሰለት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ትእዛዙን ገልብጦ ወደ ሥራው ቦታ የሚያደርሰው፣ ፕሮቲን የሚገነባበትንም ጡብ ተሸክሞ የሚያቀብለው የዲ ኤን ኤ ዘመድ የሆነው አር ኤን ኤ ነው። ዋነኞቹ ፊደሎቹ አራት ናቸው፤ ይኸውም አዴኒን፣ ጓኒን፣ ሲቶሲንና ዩራሲል ይባላሉ። በ1950ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ግን የአንድ አር ኤን ኤ ፊደሎችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ያነበበ ሰው አልነበረም። ሆሊ አላኒን የሚባለውን ጡብ የሚሸከመውን አጭሩን አር ኤን ኤ መረጡ።

የፈለጉትም ከዳቦ እርሾ ውስጥ ነው። ከ140 ኪሎ እርሾ 200 ግራም ያህል ልዩ ልዩ ተሸካሚ አር ኤን ኤ ተገኘ፤ ከዚያም ተጣርቶ የወጣው ንጹሕ የአላኒን ተሸካሚ 1 ግራም ብቻ ነበር። (አንድ የክበባችን አባል በዚያ እርሾ ስንት ዳቦ ይነፋ እንደ ነበር ማስላት ጀምሮ ነበር፤ እኛ ግን አስተውነዋል።) ማጣራቱም በወንፊት እንደ መንፋት የቀለለ አልነበረም። የማይዋሐዱ ሁለት ፈሳሾችን በብዙ የብርጭቆ ቱቦዎች እየናጡ፣ እስኪለያዩ እየጠበቁ፣ ወደሚቀጥለውም ቱቦ እያሳለፉ ዓመታት ፈጁ።

ቀጥሎ ንባቡ መጣ። ሰንሰለቱን በሙሉ የሚያነብ መሣሪያ ስላልነበረ በኤንዛይም ቈረጡት። ከቆሽት የሚገኘው ኤንዛይም ከሲቶሲንና ከዩራሲል ቀጥሎ ይቈርጣል፤ ከሻጋታ የሚገኘው ደግሞ ከጓኒን ቀጥሎ። አንድን ደብዳቤ በሁለት ግልባጭ ጽፋችሁ፣ ሁለቱንም በተለያየ ቦታ ቀዳችሁ ብትበትኑት፣ የአንዱ ቁራጭ የሌላው ቁራጮች የት እንደሚጋጠሙ ያሳያችኋል። እነርሱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ደግነቱ በዚህ አር ኤን ኤ ላይ ከአራቱ የተለዩ ጥቂት እንግዳ ፊደሎች ነበሩበት፤ እነዚህም እንደ ድንበር ድንጋይ ሆነው መሩአቸው።

77ቱ ፊደሎች በማርች 1965 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ታተሙ። በጽሑፉ ላይ የስምንት ሰዎች ስም ሰፍሯል። በ1968 የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ ግን ከስምንቱ የተጠሩት ሆሊ ብቻ ናቸው። ሽልማቱ ከሦስት ሰው በላይ አይካፈልም፤ በዚያ ዓመትም ሁለቱን ስፍራ ኮራናና ኒረንበርግ ይዘውታል። ደንቡ ደንብ ነው እንበል። ነገር ግን ያ ሰንሰለት ተጣጥፎ የማገጥ ቅጠል ይመስላል ብለው ያሰቡት የሆሊ ባልደረቦች ኤልሳቤጥ ኬለርና ጆን ፔንስዊክ መሆናቸውን የምናነባቸው መጻሕፍት ቢነግሩን ኖሮ ደስ ባለን ነበር። ቅርጹን በየመጽሐፉ አይተነዋል፤ የሁለቱን ስም ግን ያገኘነው በብዙ ፍለጋ ነው።

ዛሬ አር ኤን ኤው መጀመሪያ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለበጣል፤ ከዚያም መሣሪያው በሚሊዮን የሚቈጠሩ ቁራጮችን ባንድነት ያነባል። ቁራጮቹን የሚያገጣጥመው ኮምፒዩተር ነው። ወረርሽኙን ያመጣው የኮሮና ቫይረስ ራሱ የተጻፈው በአር ኤን ኤ ነው፤ 30,000 ያህል ፊደሎቹ በጃንዋሪ 2020 ለዓለም ሲገለጹ በሽታው ከታወቀ ገና ሳምንታት ብቻ ነበሩ። ክትባት ሠሪዎችም ሥራቸውን የጀመሩት ያንን ጽሑፍ ይዘው ነው። ሆሊ ይህን አላዩም፤ በ1993 ዐርፈዋል።

77ቱን ፊደሎች በሁለት ረጃጅም ወረቀቶች ጽፈን በሳይንስ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ አኑረናል። ወላጆቻችን ከምሳ በኋላ መጥተው እንዲቈርጡና እንዲገጣጥሙ በአክብሮት እንጠይቃለን፤ መቀስና ሙጫ ተዘጋጅቷል። ከክበባችን አባሎች እስካሁን ሳይሳሳቱ የጨረሱት ሁለት ብቻ ናቸው።