የስልካችንን ቁልፍ ለማን እንሰጣለን?

(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የመዘዞ ነዋሪዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤

ዛሬ ከፊታችሁ የቆምሁት ሌላውን ለመምከር ብቻ ሳይሆን የራሴን ጥፋት ለመናገር ጭምር ነው። ብዙዎቻችሁ ነገሩን ሰምታችኋል። ሆኖም ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

አንድ ቀን ማታ በስልኬ ላይ በማውቀው ሰው ስም መልእክት መጣልኝ። «ጋሼ፣ በስሕተት ወደ እርስዎ ስልክ አንድ ቁጥር ተልኳል፤ እባክዎን ቶሎ ይላኩልኝ» ይላል። እውነትም ቁጥር መጥቷል። ምን አለበት ብዬ ላክሁለት። ያ የጻፈልኝ ሰው ግን ወዳጄ አልነበረም፤ የእሱንም ስም ቀድመው ወስደውበት ኖሯል።

በነጋታው ጧት በ2 ሰዓት ሁለት የዕድራችን እናቶች «ገንዘቡ ደረሰህ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። የምን ገንዘብ? ለካስ ሌሊቱን በእኔ ስም «ሰው ታሞብኛል፣ ነገ እመልሳለሁ» እየተባለ ለወዳጅ ለዘመድ ሲጻፍ አድሯል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። አፈርሁና ለሌላ ሰው ሳልናገር እስከ ቀትር ቆየሁ። ሦስተኛዋ እናት በግ ሸጣ ለልጇ ትምህርት ያስቀመጠችውን ገንዘብ የላከችው በ5 ሰዓት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሁለቱ እናቶች ገንዘብ የሄደው ቁጥሩን በመስጠቴ ነው፤ የሦስተኛዋ ግን የሄደው ዝም በማለቴ ነው። ዕዳውን በየወሩ እየከፈልሁ ነው። ያን የሦስት ሰዓት ዝምታ ግን በምን እከፍለዋለሁ?

ታዲያ ያ ቁጥር ምንድን ነው? አንድ ሰው የእኔን የስልክ ቁጥር በሌላ ስልክ ላይ አስገብቶ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ለመክፈት ሲሞክር፣ ድርጅቱ «ባለቤቱ አንተ ነህን?» ለማለት ወደ እኔ ኮድ ይልካል። ኮዱን የያዘ ሰው ባለቤት ተብሎ ይገባል። ስለዚህ ኮዱ የቤት ቁልፍ ማለት ነው። ሳንጠይቅ ቁልፍ ከመጣልን ሌባ በር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ድሮ ከዚህ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ደብዳቤ በሾፌር እጅ ስንልክ ፖስታውን በደንብ አሽገን ነበር። በማዞሪያ ስልክ ስንነጋገርም መሥመር የሚያገናኘው ሠራተኛ ሊሰማ እንደሚችል እናውቅ ስለ ነበር ንግግራችንን እንመጥን ነበር። ዛሬ ግን ስልኩ በኪሳችን ስላለ ብቻ ማንም አይሰማንም ብለን እናስባለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም።

ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክትን ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ ይቆልፋል፤ በመካከል ያለው ድርጅት ራሱ አያነበውም። ሲግናል የተባለውም እንደዚሁ ነው። በአገራችን እጅግ የተለመደው ቴሌግራም ግን ይለያል። የተለመደው ጽሑፍ በድርጅቱ መዝገብ ይቀመጣል፤ ቁልፉም ከድርጅቱ ዘንድ ነው። ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ሲሆን እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሆንም። እንግዲህ የዕድራችን ግሩፕ ከዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳ ብዙም አይለይም። ማን እንደ ታመመ፣ ማን ቤቱን ዘግቶ እንደ ሄደ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የባንክ ደብተር ቁጥር በሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን? አንለጥፍም። በግሩፕም አንለጥፍ።

መቆለፊያው ቢጠነክርስ? እሱም ብቻውን አያድንም። በ2006 ዓ.ም. በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲትዝን ላብ የተባለው የምርምር ክፍል አንድ ዘገባ አወጣ። በውጭ አገር ይሠሩ ለነበሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች፣ ዛሬ በተዘጋው በስካይፕ በኩል፣ ጽሑፍ መስሎ የቀረበ ፋይል ተልኮላቸው ነበር። ፋይሉ ቢከፈት ኮምፒዩተራቸውን የሚሰልል ፕሮግራም ነበረበት። ይህ ትልቅ የስለላ ሥራ ነው፤ የእኔ ነገር ደግሞ የመንደር ሌብነት ነው። መንገዳቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም በሚታወቅ ሰው ስም በራችንን ከውስጥ እንድንከፍት ያደርጉናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ የመጣልንን ኮድ ለማንም፣ ለገዛ ልጃችን ስም እንኳ ቢሆን፣ አንላክ። የቴሌብርና የባንክ የምሥጢር ቁጥርም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፤ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ከኮዱ ሌላ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማውጣት ይቻላል። «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ይባላል። ይህ ካለ ሌባው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ከሁለተኛው በር ይመለሳል። እኔ ይህ ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልቆምሁ።

ሦስተኛ፤ ቴሌግራም በሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ»፣ ዋትስአፕም «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚሉት አላቸው። በእኛ ስም ሌላ ምን ስልክ ወይም ኮምፒዩተር እንደ ገባ ያሳያል። የማናውቀው ካለ እናስወጣው። በቴሌግራም አዲስ የገባ ሌባ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ባለቤቱን ማስወጣት አይፈቀድለትም። ያ ጊዜ የእኛ ነው፤ ቶሎ ከደረስን እኛ እናስወጣዋለን።

አራተኛ፤ ስልካችንን ለጥገና ስንሰጥ መክፈቻውን ጽፈን አብረን አንስጥ፤ የሚቻል ከሆነ አጠገቡ ቆመን እናሠራ። የማናውቀውን ሊንክና ፋይልም አንክፈት።

አምስተኛ፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣ በተለመደው ስልክ ደውለን ሰውየውን እናነጋግር። ዛሬ ድምፅንም አስመስሎ መሥራት ስለ ተቻለ፣ ከተጠራጠርን የቤት የሆነ ነገር እንጠይቀው። የበሬውን ስም ወይም የክርስትና አባቱን ማን ሌባ ያውቃል?

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የደብዳቤና የስልክ ግንኙነታችን እንዳይደፈር ይደነግጋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አሉ። የተታለለ ሰው መልእክቱን ሳያጠፋ ለፖሊስ ያመልክት። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ከጥፋት በኋላ ነው፤ ጎረቤት ግን ቀድሞ ይደርሳል።

ስለዚህ ለዕድራችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ዕድሩም ሆነ ዳኛው ወይም ገንዘብ ያዡ በጽሑፍ ብቻ ገንዘብ እንዳይጠይቁ፣ ቢጠየቅም ማንም እንዳይልክ ይወሰን። ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ሳያፍር ወዲያው ይናገር፤ ልጆቻችንም ቤት ለቤት ዞረው ያስታውቁ። እሳት ሲነሣ ቤቴ ተቃጠለ ብሎ የሚያፍር የለም፤ ኡኡ ይላል፤ አገር ይደርሳል። እኔ በዚያን ቀን በ2 ሰዓት ኡኡ ብል ኖሮ የአንዲት ልጅ የትምህርት ገንዘብ በቤቷ ይቀር ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል ማውጣት የምትፈልጉ ስልካችሁን ይዛችሁ ቆዩ፤ ወጣቶቹ ያሳይዋችኋል። የይለፍ ቃሉን ግን ራሳችሁ ጻፉት፤ ለእነሱም ለእኔም አትንገሩ።