ጨጓራ የአዋቂ ሕመም ብቻ አይደለም
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የፈለግነው ስለ ልጆቻችን ሆድ ነው። በየቤታችን «ጨጓራ» ሲባል ወዲያው የሚታሰበን በርበሬ፣ ቡና፣ ባዶ ሆድና ሐሳብ ነው። ሕመሙን ለአዋቂ ብቻ ሰጥተን፣ ልጅ «ሆዴን» ሲል «ትል ነው» ወይም «ከትምህርት ቤት ሊቀር ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን ሌላም መልክ አለው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አሳድገው ለዩ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው እንደተቆጣ አሳየ፤ በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ ባጭሩ ኤች ፓይሎሪ ይባላል።

ልብ ልንለው የሚገባው፣ ይህ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በልጅነት መሆኑን ነው። ካልታከመ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። እንግዲህ ዛሬ እኛን የሚያቃጥለን ጨጓራ ገና ሕፃን ሳለን የገባ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የሚተላለፈውም በተለይ በቤተሰብ መካከል ሲሆን፣ በምራቅ፣ በትውከትና በዓይነ ምድር በኩል እንደሆነ ይታመናል።

ታዲያ ልጆችን ምን ያደርጋል? እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። ሆዱን ያመመው ልጅ ሁሉም ኤች ፓይሎሪ አለበት ማለትም አይደለም። በጥቂቶቹ ግን የጨጓራ ቁስለት ያመጣል፤ በአንዳንዶቹም የብረት ማዕድን ቢሰጣቸው እንኳ ቶሎ የማይሻል ደም ማነስ ይታያል። ካደጉ በኋላ ደግሞ በጥቂት ሰዎች ላይ የጨጓራ ካንሰር ሊያስከትል ስለሚችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ካንሰር ከሚያመጡት ውስጥ መድቦታል።

ስለሆነም እነዚህን ምልክቶች ስናይ ነገ ዛሬ ሳንል ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ፦ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ክብደት መቀነስ፣ የፊትና የዓይን ሽፋን መንጣት። ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረማ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው!

ስለ ምርመራና መድኃኒት አንድ ነገር እንጨምር። የደም ምርመራ ባክቴሪያው ድሮ የነበረ ይሁን ዛሬም ያለ አይለይም፤ የሰገራና የትንፋሽ ምርመራ ይሻላሉ። የልጅ ሕመም ምክንያቱ በትክክል እንዲታወቅ ሐኪሙ ጨጓራውን በመሣሪያ ማየት ሊያስፈልገው ይችላል። ባክቴሪያው የተገኘበት ልጅ ሁሉ መድኃኒት አይሰጠውም፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሕክምናው ሲታዘዝ ፀረ ባክቴሪያዎችና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት በአንድነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳሉ። «ልጁ ተሻለው» ብሎ በ5ኛው ቀን ማቆም ባክቴሪያውን መድኃኒት ማስለመድ ነው። ከአባት የተረፈውን ኪኒን ለልጅ ከፍሎ መስጠት፣ ከጎረቤት መበደርም እንዲሁ ይቅርብን። ጨው እንዋዋሳለን፤ መድኃኒት ግን አይዋዋሱትም!

መከላከሉ ከእጃችን አይርቅም። ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣ፣ ምግብ ከመሥራታችንና ልጅ ከማብላታችን በፊት እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ምግብ አኝኮ ለሕፃን ማጉረስ፣ የሕፃኑን ማንኪያ በራስ አፍ መቅመስ ይቅር። የሚጠጣ ውኃ ንጹሕ በሆነና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ መቅጃውም የተለየ ይሁን።

በጋራ መጸዳጃ ቤቶቻችን በር ላይ ግን ዛሬም ውኃና ሳሙና የለም። አንድ ቤት ብቻውን ቢታጠብ፣ ልጆቻችን ውለው የሚያመሹት አብረው ስለሆነ ጥቅሙ ግማሽ ነው። በመሆኑም ቧንቧ ያለው ጀሪካንና ሳሙና በየመጸዳጃ ቤቱ እንዲቀመጥ፣ የሚጠቀሙት ቤቶችም በየሳምንቱ በተራ እንዲሞሉ ሐሳብ እናቀርባለን። የተራው ዝርዝር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ስማችሁን ስታዩ «ለእገሌ ይሁን» አትበሉ፤ የሚታጠበው የሁላችንም ልጅ ነው።