በጥልቁ ባሕር ጨለማ ስለሚኖሩ ረቂቃን ሕያዋን



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ከእናንተ አብዛኛው በዓይኑ ያላየው ነው፤ ያየም ሰው ቢኖር ላይ ላዩን ብቻ ነው ያየው። ይኸውም የውቅያኖስ ጥልቀት ነው። ጣና እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 15 ሜትር ያህል ነው። የዓለም ውቅያኖስ ግን በአማካይ ወደ 3,700 ሜትር ይጠልቃል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ማሪያና በሚባለው ጉድጓድ ጥልቀቱ 10,900 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ራስ ዳሸንን ሁለት ጊዜ አነባብረን ብናስገባው ከጫፉ በላይ ገና ከ1,500 ሜትር የበለጠ ውሃ ይተርፋል። የፀሐይ ብርሃን ከ1,000 ሜትር በታች አይደርስም። በዚያ ያለው ውሃ በአብዛኛው ስፍራ ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ አይበልጥም። የውሃውም ጫና በየ10 ሜትሩ ከላያችን ያለውን አየር ጫና ያህል እየጨመረ ይሄዳል።

እንዲህ ባለ ስፍራ ሕይወት ያለው ነገር ይኖራል ብሎ ማን ይገምታል? ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ በ1840ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኤጌ ባሕር መረቡን እያወረደ መረመረ። ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚያገኛቸው እንስሳት እያነሱ ሄዱ። ስለዚህ ከ550 ሜትር ያህል በታች ሕይወት የለም ብሎ ፈረደ። ፎርብስ ያየውን አልዋሸም፤ ነገር ግን በአንድ ባሕር ያየውን በባሕር ሁሉ ላይ ፈረደበት። ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን የዞረችው ቻሌንጀር የምትባለው መርከብ ከብዙ ሺህ ሜትር ጥልቀት እንስሳትን አወጣች። በ1884ም ሰርት የተባለ ፈረንሳዊ ከ5,000 ሜትር ከወጣ ደለል ባክቴሪያዎችን አራብቶ አሳየ።

ስለ እነዚህ ረቂቃን ከመናገሬ አስቀድሞ ስለ ካርቦን ጥቂት ቃል ልበል። ከሰል የምንለው ከሞላ ጎደል ካርቦን ነው። ነገር ግን ካርቦን በከሰል ብቻ አይገኝም፤ በእንጨቱ፥ በእህሉ፥ በቅቤው፥ በገዛ ሥጋችንም አለ። እንጨት ሲነድ፥ ሰውና እንስሳም ሲተነፍሱ፥ ፍግም ሲበሰብስ ካርቦን የተቃጠለ አየር ሆኖ ይወጣል። ቅጠል ደግሞ በፀሐይ ኃይል ይህን አየር መልሶ ይስበውና ሰውነቱን ይሠራበታል። ይህ መውጣትና መግባት በየብስ ብቻ የሚሆን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን በባሕር ገጽ ላይ ያለ ማጉያ መነጽር የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ዕፀዋት አሉ፤ በምድር ላይ ያሉ ዕፀዋት ሁሉ በዓመት ከሚሠሩት ሥራ ግማሽ የሚያህለውን የሚሠሩ እነርሱ ናቸው። በዓመት የሚስቡት ካርቦን 50 ቢሊዮን ቶን ያህል ይሆናል።

እነዚህ ዕፀዋት ዕድሜአቸው አጭር ነው። አብዛኞቹን ትናንሽ እንስሳት ይበሏቸዋል። የሞተው ዕፅ፥ የእንስሳቱ ኩስና ቅርፊት፥ ልጋጉም ተጣብቆ በአውድማ ነፋስ እንደሚወስደው እብቅ እየተንሳፈፈ ወደ ታች ይወርዳል። ሊቃውንት ይህን የባሕር በረዶ ይሉታል። በጥልቁ ለሚኖሩት ለአብዛኞቹ ሕያዋን ከዚህ ሌላ ምግብ የላቸውም፤ የሚኖሩት ከላይ በሚወርድላቸው ፍርፋሪ ነው።

ባክቴሪያዎች ይህን ፍርፋሪ በመንገድ ሳለ ይዘው ይበሉታል። በልተውም እንደ እኛው ይተነፍሳሉና ካርቦኑ የተቃጠለ አየር ሆኖ በውሃው ውስጥ ይሟሟል። እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ ፍርፋሪው በየትኛው ጥልቀት ተበላ የሚለው ነው። ከላይ በ100 ወይም በ200 ሜትር ከተበላ፥ ክረምት በመጣ ጊዜ ነፋስ ውሃውን ያማስለዋልና ካርቦኑ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ አየር ይመለሳል። በ3,000 ሜትር ከተበላ ግን ያ ውሃ ወደ ላይ እስኪመለስ ብዙ መቶ ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም 1,000 ዓመት ያልፋል። ነገሩ በማጀት ሞሰብ የተቀመጠ እህልና በጉድጓድ የተቀበረ እህል እንደሚለያዩ ያለ ነው፤ ሁለቱም ያው እህል ናቸው፤ ለእጅ ያላቸው ቅርበት ግን አንድ አይደለም። በባሕር ያለው ካርቦን 38,000 ቢሊዮን ቶን ያህል ሲሆን በአየር ካለው ከ40 እጥፍ በላይ ነው፤ የሚበዛውም በጥልቁ ውስጥ ነው። ከላይ ከተሠራው ሁሉ ግን በባሕሩ ወለል ደለል ውስጥ ለዘለቄታው ተቀብሮ የሚቀረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረውን እነዚያ ረቂቃንና ሌሎቹ እንስሳት በልተውታል።

ታዲያ በጥልቁ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚበሉት በፍጥነት ነው ወይስ በዝግታ? ይህን ጥያቄ ያስነሣው የአንድ ምሳ ነገር ነው። በአሜሪካ አገር ዉድስ ሆል በሚባል ስፍራ ያሉ ሊቃውንት አልቪን የምትባል ወደ ጥልቅ የምትጠልቅ ትንሽ መርከብ ነበረቻቸው። በ1968 በኦክቶበር ወር ወደ ባሕር ሊያወርዷት ሲሉ የያዛት የብረት ገመድ ተበጠሰ። በውስጧ የነበሩት ሦስት ሰዎች በጭንቅ ወጥተው ተረፉ፤ መርከቢቱ ግን ክዳኗ እንደ ተከፈተ፥ ምሳቸውንም እንደ ያዘች 1,540 ሜትር ያህል ሰጠመች። ከአሥር ወር በላይ ቆይታ በ1969 ስትወጣ ምሳው እንዳለ ተገኘ። ቋሊማ የገባበት ዳቦ፥ ፖምና በፔርሙዝ ያለ መረቅ ነበር። ዳቦው በባሕር ውሃ ከመራሱ በቀር እንደ ትናንት ምሳ ነበር። የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ ነው፤ ያንኑ ምግብ በ3 ዲግሪ ብርድ በማቀዝቀዣ ባስቀመጡት ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ተበላሸ። ስለዚህ ከባሕር በታች ሳለ የጠበቀው ብርዱ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ሆልገር ያናሽ የተባለው የዚያው ስፍራ ሊቅ ነገሩን በቀልድ አላሳለፈውም። ከጓደኞቹ ጋር በጠርሙስ ልዩ ልዩ ምግብ እያደረገ ወደ ጥልቁ አወረደ፤ ወራትም አቆየ። በላይ በዚያው ብርድ ከተቀመጠው ጋር ሲያስተያዩት የጥልቁ መበስበስ ከ10 እስከ 100 እጥፍ ዘገየ። ይህንም በ1971 አሳተሙት። ጥልቁን ባሕር የቆሻሻ መጣያ ለማድረግ ለሚያስብ ሰው ይህ ወሬ ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ የጣለው ነገር ቶሎ አይጠፋለትምና።

ነገር ግን ያ ምሳ እውነቱን ሁሉ አልተናገረም። በዳቦው ላይ የነበሩት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ከላይ አብረው የወረዱ እንግዶች ናቸው፤ የደጋ ሰው ቆላ ሲወርድ እንደሚደክም የውሃው ጫና አደከማቸው። የጥልቁ ተወላጆች ግን ሌሎች ናቸው። ያያኖስ የተባለ በካሊፎርኒያ የሚሠራ ሊቅና ጓደኞቹ በ1981 ከማሪያና ጉድጓድ፥ ከ10,000 ሜትር በታች ከወጣች ትንሽ እንስሳ ያገኙትን ባክቴሪያ ገለጹ። ይህ ባክቴሪያ እኛን በቅጽበት የሚጨፈልቀው ጫና ካልተጫነው ፈጽሞ አይራባም። ለእርሱ የእኛ አገር ነው ሰው የማይኖርበት።

ረቂቃኑ ከሚበሉት ሌላ የሚተዉትም አለ። በባሕር ውሃ ውስጥ ተሟሙቶ የሚገኘው ከሕያዋን የወጣ ካርቦን 660 ቢሊዮን ቶን ያህል ነው። በ1987 የታተመ ምርመራ እንዳሳየው በሰላማዊ ውቅያኖስ ጥልቀት ያለው የዚህ ካርቦን ዕድሜ በአማካይ ወደ 6,000 ዓመት ይደርሳል። ከአክሱም ሐውልቶች ይልቅ የቆየ ፍርፋሪ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅመናል የሚል ሽማግሌ ቢኖር ጥያቄው የሚገባ ነው። ሰዎች ከሰልና ነዳጅ በማንደዳቸው በአየር ያለው የተቃጠለ አየር በዝቷል፤ ምድርም እየሞቀች ነው። ስለዚህ ካርቦኑን ወደ ጥልቁ እንስደደው የሚል አሳብ ተነሣ። ዕፀዋቱ በአንዳንድ ባሕር የሚያንሳቸው ብረት ስለ ሆነ፥ ከ1993 ጀምሮ በልዩ ልዩ ባሕር የብረት ውሃ እየረጩ ተፈተነ። ዕፀዋቱ በብዙ ስፍራ በቀሉ። በአውሮፕላን ለሚያይ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ከታች ነው። በ2004 በደቡብ ውቅያኖስ በተደረገው ፈተና ከበቀለው ቢያንስ ግማሹ ከ1,000 ሜትር በታች ወረደ። የበቀሉት ሲሊካ የሚባለውን፥ የብርጭቆ ዘር የሆነውን ቅርፊት የሚለብሱ ዕፀዋት ነበሩ። በ2009 ጀርመኖችና ሕንዶች በደቡብ አትላንቲክ ያንኑ ሥራ ሠሩ፤ ስፋቱም 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበረ። በዚያ ውሃ ግን ሲሊካ ጥቂት ስለ ነበረ የበቀሉት ቅርፊት የለሾቹ ናቸው። ትናንሽ እንስሳት ወዲያው ጋጧቸው፤ የተረፈውንም ባክቴሪያዎች ከላይ ሳለ በሉት። ወደ ጥልቁ የወረደው እጅግ ጥቂት ሆነ። በ2013 ቆሻሻ ወደ ባሕር እንዳይጣል የተዋዋሉት የለንደን ፕሮቶኮል አገሮች፥ እንዲህ ያለው መርጨት ለእውነተኛ ምርመራ ካልሆነ በቀር እንዳይፈቀድ የሚል ማሻሻያ ተስማምተው ጻፉ።