ያልገባኝን «ገባኝ» ያልኩ ቀን
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

አዘጋጅ ኮሚቴው «ከተመረቅህ በኋላ የተማርከውን ንገረን» ሲለኝ፣ ስለሠራኋቸው ሕንፃዎች አወራለሁ ብሎ ጠብቆ ይሆናል። እኔ ግን የማወራው በአርባ ዓመቴ ጀማሪ ስለሆንኩበት ነገር ነው። በኮምፒዩተር ፕላን መሥራት ስለመማር።

የ1975 ዓ.ም. ተመራቂዎች እስቲ እጃችሁን አውጡ። አመሰግናለሁ። የኛን ጊዜ ድሮዊንግ ታስታውሳላችሁ፤ ቲ-ስኩዌር፣ ሮትሪንግ ብዕር፣ ትሬሲንግ ፔፐር። ቀለም ከፈሰሰ በምላጭ መፋቅ ነው። አንድ ቦታ ደጋግመህ ከፋቅህ ወረቀቱ ይበሳል፤ በቃ ሌሊቱን ሙሉ እንደገና ትሠራለህ። አውቶካድ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣው በዚያው በተመረቅንበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1982 መጨረሻ ላይ ነበር። ማን ሰምቶ! እኔ ጋ ለመድረስ አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀበት።

በ1992 ዓ.ም. እሠራበት የነበረው ቢሮ ሁለት ኮምፒዩተር ገዛ፤ አንድ የድራፍቲንግ ዲፕሎማ ያለው ወጣትም ቀጠረ። ዕድሜው የኔን ግማሽ ቢሆን ነው። ሥራ አስኪያጁ «ኢንጂነር፣ ከልጁ ጋር ቁጭ በልና ተማር» አለኝ። ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት «ስኬሉ ስንት ነው?» ብዬ ነው። ስድስት ሜትር ግድግዳን በ1 ለ100 ስድስት ሴንቲ ሜትር አድርጎ ማሰብ ከደሜ ጋር ተዋህዷል። ልጁ ሳቅ እያለ «ጋሼ፣ እዚህ ስኬል የለም። ስድስት ሜትር ከሆነ ስድስት ሜትር ብለው ይጻፉት። ስኬሉ ሲታተም ነው የሚመጣው» አለኝ። ቀጥሎ ማዕዘኑ አስቸገረኝ። ሰርቬይንግ የተማርን ሰዎች ከሰሜን ተነሥተን በሰዓት አቅጣጫ ነው የምንዞረው። አውቶካድ ካልቀየሩት በቀር ዜሮውን ከምሥራቅ ይጀምርና በተቃራኒው ይዞራል። የመጀመሪያው የቦታ ወሰን ሥዕሌ ዞሮ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ገባ። ቢሮው ሙሉ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ያለው ስህተት ዓይን ላይ ስለሚወድቅ ማንንም አይጎዳም።

የጎዳኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ልጁ «ስትሬች» የሚባለውን ትእዛዝ አሳየኝ። የተሠራን ፕላን ሳያፈርሱ አንዱን ጎን ስቦ ማስፋት ማለት ነው። «መምረጫውን መስኮት ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚጎትቱት ጋሼ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ውስጡ የገባውን ብቻ ነው የሚይዘው። ገባዎት?» አለኝ። አልገባኝም ነበር። ግን በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ አስደግሜዋለሁ፤ አጠገባችንም ሌሎች ሰዎች ነበሩ። «ገባኝ» አልኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአንድ ትምህርት ቤት ፕላን በማግስቱ ጠዋት ሊረከብ፣ ባለቤቱ አመሻሽ ላይ ደወለ። የመጨረሻዋ ክፍል ከ4.80 ወደ 5.00 ሜትር ትስፋልኝ አለ። ልጁ ወደ ቤቱ ሄዷል። እኔ ስትሬችን ሞከርኩ፤ ኮለኖቹ ሄዱ፣ ግድግዳው ቀረ። መለስኩና እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ነው። ስልክ ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። ታዲያ ምን ብዬ? ገባኝ ብያለሁ እኮ!

የልኬቱን ቁጥር ብቻ መለወጥ እንደሚቻል ግን አውቅ ነበር። 4.80 የሚለውን አጥፍቼ በእጄ 5.00 ጻፍኩበት። መስመሩ ካለበት አልተነቃነቀም። ሲታተም በጣም ያምር ነበር። በ1 ለ100 ሃያ ሴንቲ ሜትር ማለት ወረቀት ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው፤ ማን ያየዋል?

የስትራክቸር መሐንዲሱ ግን የወሰደው ወረቀቱን ሳይሆን ፋይሉን ነው። መሠረቱን ያወጣው ከመስመሩ ላይ ነው፤ መስመሩ ደግሞ 4.80 ነው የሚለው። ልዩነቱ የታወቀው ግንበኞቹ በኔ ፕላን ግድግዳ ሊያወጡ ሲለኩ ነው። በመጨረሻው አክሲስ ላይ አራት ፉቲንግ ኮንክሪት ተሞልቶባቸው፣ ኮለናቸውም ቆሞ ነበር። እነዚያ ፈርሰው እንደገና መሠራት ነበረባቸው።

ሥራ አስኪያጁ የጠራው ልጁን ነበር። ኮምፒዩተሩ የሱ ነው ተብሎ ይታመናል፤ የሙከራ ጊዜውንም ገና አልጨረሰም። ፋይሉን እፊታችን ከፍቶ ልኬቷን ነካት፤ ቁጥሩ በእጅ የተጻፈ መሆኑን አየ። ቀና ብሎ ተመለከተኝ። ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ «አጣርቼ ልንገርዎት» አለው። ስሜን አልጠራም።

እኔም ዝም አልኩ። ያን ከሰዓትና ያን ሌሊት ዝም አልኩ። በዚህ ንግግር የማፍርበት ቦታ ይሄ ነው እንጂ ስትሬችን አለማወቄ አይደለም። በማግስቱ ጠዋት ገብቼ «የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ከደመወዜ ለወራት ተቆረጠ፤ ልጁ ሥራው ላይ ቆየ። ይቅርታ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ቢደውሉልኝ እኮ አምስት ደቂቃ ነው» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረኝም።

ያን ዕለት እንደ ተማሪ ደብተር ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ደብተር ሁለት ነገር ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ልኬት ከመስመሩ ተነብቦ የሚወጣ ነው፤ እጃችሁን ካላስገባችሁበት አይዋሽም። ቁጥሩ ካልተስማማችሁ መስመሩን አስተካክሉ። ሁለተኛ፣ የወረቀት ሥዕል ሲበላሽ ይታያል፤ የተፋቀበት ቦታ ይሻክራል፣ ጠርዙ ይቆሽሻል። የኮምፒዩተር ሥዕል ግን ሐሰት ሆኖም ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ራሱ «እዚህ ጋ እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ ካልተናገረ ወረቀቱ አይናገርለትም።

መምህራን፣ አንድ ልመና አለኝ። የተማሪ ድሮዊንግ ስታርሙ የታተመውን ብቻ አትዩ። ፋይሉን ክፈቱና ሁለት ሦስት ልኬት ንኩ። ደግሞም «አልገባኝም» ያለው ልጅ በክፍሉ ፊት እንዳያፍር አድርጉልኝ። ያ ልጅ ነገ መሠረት ያስቆፍራል።

አሁን ደግሞ ሬቪት መጣና በስተርጅና እንደገና ጀማሪ ሆኛለሁ። ሬቪት ልኬት ላይ የራስህን ቁጥር ልጻፍ ብትለው እምቢ ይላል። ይህን ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ለኔ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። በሌላው ነገር ግን ይቸግረኛል። ባለፈው ሳምንት ለዚያ ልጅ ደወልኩለት። ልጅ ማለቴ ከልማድ ነው፤ ዛሬ የራሱ ቢሮ አለው። ረጅም ጊዜ ወስዶ አስረዳኝና እንደ ድሮው «ጋሼ፣ ገባዎት?» አለኝ።

«አልገባኝም፣ ድገመው» አልኩት። ደገመው።